ሶሌታው አልበሳ አለኝ፤ መብራት ልሰቅል ብዬ ክንዴ ዛለ

ጨለማ_ሳሎን | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6:20

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ችግሬ ልግባ።

ሳሎን ውስጥ የሚንጠለጠል መብራት ልሰቅል ነው። ብረት ነው፣ ስመዝነው 4 ኪሎ ተኩል ሆነ። ጣሪያው ኮርኒስ አይደለም፤ ልስን ያለው ኮንክሪት፣ ማለትም ሶሌታ ነው። የሽቦው ሳጥን መሃል ላይ አለ። መብራቱን የሚይዘው ሳህን ግን ሳጥኑ ላይ አይገጥምም። ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ በመሃላቸው 12 ሴንቲ ሜትር። እዚያ ሁለት ቦታ በስቼ ፊሸር፣ ብሎኑን የሚይዘውን የፕላስቲክ መሰኪያ፣ መክተት አለብኝ።

መጀመሪያ 1 ሴንቲ ያህል ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ በቃ። ድሪሉ ይጮኻል፣ አቧራ አይወጣም፣ ፑንታው ይጨሳል። 40 ደቂቃ ገፋሁ። ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። በሌላኛው በኩል ሞከርኩ፤ እሱም እዚያው 1 ሴንቲ ላይ ቆመ። አሁን ክንዴን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት አልችልም።

ድሪሉ የባትሪ ነው፣ ቁም ሣጥን ልገጣጥም ብዬ የገዛሁት። ጣሪያው ውስጥ ብረት አለ ማለት ነው? ወይስ የደከምኩት እኔ ነኝ?

ሙጫ_ይበቃል | ቅዳሜ፣ 6:31

ምን አደከመህ ወንድሜ። ብረትን ከኮንክሪት የሚያጣብቅ ጠንካራ ሙጫ አለ። ሳህኑን ቀብተህ 5 ደቂቃ ደግፈህ ያዝ። አለቀ።

ቀዳዳ_በቀዳዳ | ቅዳሜ፣ 6:44

ሙጫውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገረን። ድሪሉ ላይ የመዶሻ ምልክት አለ? የፑንታው ጫፍ ምን ይመስላል? ሦስተኛው፣ አትሳቅብኝ፣ ድሪሉ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው?

ሦስተኛውን የምጠይቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። ብሎን ፈትቼ አቅጣጫውን ሳልመልስ ግድግዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ወደ ግራ ሳሽከረክር ቆይቻለሁ። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታነሳዋለች።

ጨለማ_ሳሎን | ቅዳሜ፣ 6:58

ወንድም ሳይሆን እህት ነኝ :)

ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ሄጄ እስካየው ድረስ ግን ልቤ ቆሞ ነበር። የመዶሻ ምልክት የለውም፤ የፑንታና የብሎን ስዕል ብቻ ነው ያለው። ፑንታው ጠቆር ያለ ነው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት፣ ጫፉ ሹል። ከድሪሉ ጋር በሳጥን የመጣ ነው።

ቀዳዳ_በቀዳዳ | ቅዳሜ፣ 7:05

ይቅርታ እህቴ። ግን ተገኘ! ያ የብረት ፑንታ ነው።

የኮንክሪት ፑንታ ጫፉ ላይ ትንሽ የቀስት ራስ የመሰለ ሌላ ብረት ተበይዶበታል። ከግንዱ ሰፋ ይላል፣ በጣትሽ ስትነኪው ያስታውቃል። ተንግስተን ካርባይድ ነው። ደግሞም እንደ ብረት ፑንታ አይቆርጥም። ጠጠሩን እየመታ ይሰባብረዋል፣ መዞሩ ዱቄቱን ለማውጣት ነው። ለዚህ ነው የመዶሻውን ምልክት የጠየቅኩሽ።

ሰተት ብሎ የገባልሽ 1 ሴንቲ ልስኑ ነው። የቆምሽው ሶሌታው ጋ ስትደርሺ ነው። ገና ኮንክሪት አልጀመርሽም ማለት ነው። ሁለቱም ቀዳዳ እኩል ቦታ መቆማቸውም ይሄንኑ ነው የሚናገረው። ብረት ቢሆን ሁለቱንም በአንድ ጥልቀት አይጠብቅሽም ነበር።

ጋሽ_ሶሌታ | ቅዳሜ፣ 7:40

ልጄ፣ ልጁ የነገረሽ ልክ ነው። ትንሽ ልጨምርበት። ዕድሜዬን ሶሌታ ስር ነው የጨረስኩት።

ሰው ኮንክሪት እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚያደርገው መግፋት ነው። ሲገፋ ፑንታው ይግላል። ሲግል ጫፉ ላይ የተበየደው ካርባይድ ይለቃል። ከዚያ ወዲያ ጫፍ የሌለው ብረት ነው የምታሽከረክሪው። ስለዚህ እምቢ ካለሽ አቁሚ። ፑንታውን አውጥተሽ የሚወርደውን አቧራ እዪ። ነጭ ከሆነ ልስን ነው። ግራጫ ከሆነ ኮንክሪት ውስጥ ነሽ። የሚያብለጨልጭ የብረት ፍቅፋቂ ካየሽ ፌሮ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት፣ ነክተሻል። ምንም ካልወረደ ፑንታሽ ሞቷል። የጋለ ፑንታ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይነከርም፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። አስቀምጪው፣ በራሱ ይብረድ።

መሣሪያው ሦስት ዓይነት ነው። ያንቺ የሚዞር ብቻ ነው። ሁለተኛው ሃመር ድሪል የሚባለው ነው። ውስጡ ጥርስ ያላቸው ሁለት ሳህኖች አሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ያንቀጠቅጠዋል። በደቂቃ በአሥር ሺዎች ይመታል፣ ግን እያንዳንዱ ምት ቀላል ናት። ጉልበቱ የሚመጣው ካንቺ ግፊት ነው። ለብሎኬት ግድግዳ ይበቃል። ሶሌታ ላይ፣ ያውም ወደ ላይ ተይዞ፣ ያስለቅሳል።

ሦስተኛው ኤስዲኤስ ነው። ብዙ ሰው ሂልቲ እያለ የሚጠራው፣ የማንም ኩባንያ ሥራ ይሁን። ውስጡ ፒስተን አለ፤ አየር እየጨመቀ እውነተኛ መዶሻ ያስመታል። በደቂቃ 4 ወይም 5 ሺህ ገደማ ብቻ ነው የሚመታው፣ ግን ምት ነው። አንቺ ቀጥ አድርገሽ መያዝ ብቻ ነው ሥራሽ። ፑንታውም ቁልፍ አይፈልግም፤ ገፍተሽ ታዞሪዋለሽ፣ ቀጭ ይላል። ይሄን አያያዝ ቦሽ ነው ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1975። ተራ ፑንታ እሱ ላይ አይገባም፣ የራሱን ፈልጊ።

ለሁለት ቀዳዳ ብለሽ አትግዢ። ተዋሺ ወይ ተከራዪ። 8 ሚሊ ቀዳዳ በኤስዲኤስ ደቂቃ አይፈጅም። አርባ ደቂቃሽን ሳስበው አዘንኩልሽ።

ጨለማ_ሳሎን | ቅዳሜ፣ 7:52

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ኤስዲኤስ አለው፣ ነገ ያመጣልኛል። ፊሸሩ ላይ 8 በ40 ይላል። ስንት ልብሳ? አርባ ሚሊ?

ጋሽ_ሶሌታ | ቅዳሜ፣ 8:10

አይደለም ልጄ። ብዙ መብራት የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ልስኑን አትቁጠሪው። ልስን ሸክም አይይዝም። ፊሸሩ ሙሉ በሙሉ ኮንክሪቱ ውስጥ መግባት አለበት። ያንቺ ልስን 1 ሴንቲ፣ ፊሸሩ 4፣ ለዱቄቱ መጠራቀሚያ ሌላ 1። በድምሩ 6 ሴንቲ። ብሎኑም ልስኑን፣ ፊሸሩንና የሳህኑን ውፍረት አልፎ ትንሽ መትረፍ አለበት። አጭር ብሎን ፊሸሩን እስከ ጫፉ አይነፋውም።

ፑንታው ላይ ከጫፉ 6 ሴንቲ ለክተሽ ናስትሮ ጠምጥሚበት። ናስትሮው ጣሪያውን ሲነካ አቁሚ። መጀመሪያ በ5 ሚሊ ብሺ፣ ቀጥሎ በ8። በአንዴ 8 ስትጀምሪ ፑንታው ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ቦታውን ይስታል። ቀዳዳው ከጠበበ ይሰፋል፤ ከሰፋ ግን መልሶ አይጠብም።

ካርቶን ላይ ሳህኑን አስቀምጠሽ ቀዳዳዎቹን ምልክት አድርጊ። ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ለጥፈሽ በሱ ላይ ብሺ። ከባዱን ሳህን በአንድ እጅ፣ እርሳሱን በሌላው ይዘሽ መሰላል ላይ አትደንሺ።

ፌዝ_ያለበት | ቅዳሜ፣ 8:35

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ፑንታ ሁላችሁም አወራችሁ፤ ስለ መብራቱ ኃይል አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እህቴ፣ 40 ደቂቃ ስትበሺ ብሬከሩ ጠፍቶ ነበር?

ጨለማ_ሳሎን | ቅዳሜ፣ 8:41

...ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቼው ነበር።

ፌዝ_ያለበት | ቅዳሜ፣ 9:02

እሺ። በሕይወት ስላለሽ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው አንድ ሽቦ ነው። የገጠመው ሰው ተሳስቶ ኒውትራሉን፣ የመመለሻውን ሽቦ፣ ቆርጦት ከሆነ አምፖሉ ይጠፋል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ፌዝ፣ ኃይል ያለበት ሽቦ፣ ግን እንዳለ ነው። ደግሞ አንዳንድ ሳጥን ውስጥ ወደ ሌላ ክፍል የሚያልፍ ሽቦ አለ። እሱን ማብሪያሽ አያውቀውም።

ስለዚህ ብሬከር። ካጠፋሽ በኋላ ለኪ። መለኪያሽን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቂው ሶኬት ሞክሪ። ከዚያ የጣሪያውን ሽቦዎች። ከዚያ ተመልሰሽ ሶኬቱን። ሦስት ጊዜ። የሞተ መለኪያ ሁሉም ሽቦ የሞተ ያስመስላል። ለኤስዲኤሱ ኃይል የምትስቢው ከሌላ ብሬከር ነው። በቀለም ብቻም አትመኚ። ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ መሬት ተብሎ የተጻፈው ለሚያነብ ሰው ነው፤ ሁሉም ገጣሚ አላነበበም። የመብራቱ አካል ብረት ስለሆነ የመሬት ሽቦው የግድ ይታሰር።

ሌላው ቱቦው ነው። ሽቦው ሶሌታው ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ነው የሚመጣው። ግድግዳ ላይ ቱቦ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ሶሌታ ውስጥ ግን የዘረጋው ሰው አቋራጭ ይወዳል፣ ሰያፍ ይሄዳል። የሳጥኑን ክዳን ክፈቺና ቱቦው በየት በኩል እንደሚገባ እዪ። በዚያ አቅጣጫ መስመር ላይ አትብሺ።

ከላይ_ያለሁት | ቅዳሜ፣ 9:15

ይቅርታ፣ ከርዕስ ልወጣ ነው። ዛሬ ጠዋት ከበታቻችን አንድ ሰው ለአርባ ደቂቃ ያህል ሲበሳ ነበር። ጨለማ_ሳሎን፣ ስንተኛ ፎቅ ነሽ?

ጨለማ_ሳሎን | ቅዳሜ፣ 9:17

አልናገርም።

አቧራ_ጠላሁ | ቅዳሜ፣ 11:30

ነገ ከመጀመርሽ በፊት ስለ አቧራው ላውራ። ወደ ላይ ስትበሺ ሁሉም የሚወርደው ዓይንሽ ላይ ነው። እኔ ያለ መነጽር ጀምሬ ሐኪም ቤት ነው የጨረስኩት፤ ከዓይኔ ላይ የጠጠር ስባሪ አወጡልኝ። መነጽሩ ዙሪያውን የሚዘጋ ይሁን። ተራ የዓይን መነጽር ከላይ ክፍት ነው።

የኮንክሪት አቧራ ሲሊካ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲተነፍሱት በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል። ያ በየቀኑ ለሚውጠው ሠራተኛ ነው የሚያስፈራው። ለሁለት ቀዳዳ አትደንግጪ፣ ግን ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 የሚል ማስክ አድርጊ። የጨርቁ አያቆመውም።

ደግሞ አንድ ዘዴ። የላስቲክ ኩባያ ቂጡን ብሺና ፑንታውን በሱ አሳልፊው፣ አፉ ወደ ጣሪያው። አቧራው ኩባያው ውስጥ ይቀራል። አልጋና ሶፋ ሸፍኚ ብዬ አልነግርሽም፤ አንዴ ሳትሸፍኚ ከበሳሽ ለሁለተኛው ማንም አይመክርሽም።

ዝም_ብዬ_አንባቢ | እሁድ፣ ጠዋት 2:50

ለሦስት ዓመት ሳነብ ኖሬ ዛሬ ጻፍኩ። የኔ ተቃራኒ ነው። ጣሪያዬን ስበሳ 3 ሴንቲ ላይ ድሪሉ ድንገት ዘጭ ብሎ ገባ። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ፊሸሩ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ጣሪያዬ ሊወድቅ ነው?

ጋሽ_ሶሌታ | እሁድ፣ 3:15

አይወድቅም ልጄ። ያንተ ሶሌታ በብሎኬት የተሞላ ነው። ሸክሙን የሚይዙት በመሃል ያሉት የአርማታ ጎድኖች ናቸው፤ አንተ የበሳኸው በጎድኖቹ መካከል ያለውን ክፍት ብሎኬት ነው። ተራ ፊሸር እዚያ አይይዝም። በስፕሪንግ የሚከፈት ክንፍ ያለው ብሎን አለ። ክንፉን አጥፈህ ታስገባዋለህ፣ ውስጥ ሲደርስ ይዘረጋል። ብሎኬት ስትበሳ ደግሞ የመዶሻውን ምት አጥፋው። የብሎኬቱ ግድግዳ ቀጭን ነው፣ ከውስጥ ይረግፍብሃል። ዕቃው ከባድ ከሆነ ግን ጎድኑን ፈልገህ እዚያ ላይ ስቀል።

ጨለማ_ሳሎን | እሁድ፣ 6:05

ዜና አለኝ። ግማሹ ጥሩ ነው።

ብሬከር ጠፋ፣ ሦስት ጊዜ ተለካ፣ ማስክ፣ መነጽር፣ ኩባያ። ኤስዲኤሱ ጉድ ነው! የግራው ቀዳዳ ግራጫ ዱቄት እየዘራ 6 ሴንቲ ገባ። ሳላስበው ናስትሮው ጣሪያ ነካ። መሰላል ላይ ሆኜ ጮህኩ።

የቀኙ ደግሞ በደንብ ጀመረ፣ ከዚያ 3 ሴንቲ ላይ ድምፁ ተለወጠ። መዶሻው እንደ ደወል ይጮኻል። አወጣሁት። ጋሼ እንዳሉት አየሁ፤ ዱቄቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። ፌሮ ነው አይደል? ፑንታውን አልገፋሁም፣ ተምሬያለሁ።

ቀዳዳ_በቀዳዳ | እሁድ፣ 6:14

ፌሮ ነው። ቀላል ነው። የግራውን ቀዳዳ እንደ ማጠፊያ ያዢውና ሳህኑን በሱ ላይ 15 ዲግሪ አዙሪው። 12 ሴንቲ ርቀት ላይ የቀኙ ቀዳዳ 3 ሴንቲ ያህል ይሸሻል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው አዲስ የምትበሺው።

ሲቪል_በትርፍ_ሰዓት | እሁድ፣ 6:50

ቆይ ቆይ፣ ሳትበሺ ይሄን አንብቢ። ሁለቱ ቀዳዳዎች የሚሠሩት መስመር ከግድግዳው ጋር ትይዩ ነው? ከሆነ የቀዳዳ_በቀዳዳ ዘዴ ተመልሶ እዚያው ፌሮ ላይ ይጥልሻል።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ሶሌታ በራሱ ክብደት መሃሉ ላይ ወደ ታች ሊጎብጥ ይፈልጋል። ሲጎብጥ የታችኛው ፊቱ ይለጠጣል። ኮንክሪት መጨመቅ ይችላል፣ መለጠጥ አይችልም። ስለዚህ መለጠጡን የሚይዘው ፌሮ የሚቀመጠው ከታች ነው፣ በተለይ የክፍሉ መሃል ላይ። መብራት የሚሰቀለው የት ነው? እዚያው መሃል። ብረቱን የሚሸፍነው ኮንክሪት ደግሞ 2 ሴንቲ ያህል ብቻ ነው። ልስንሽን 1 ሴንቲ ስትጨምሪበት ይኸው 3 ሴንቲ ላይ ቆምሽ።

ፌሮው ብዙ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ እንደ መረብ ነው የሚታሰረው፣ ከግድግዳዎቹ ጋር ትይዩ ሆኖ። አሁን አስቢው። የነካሽው ፌሮ በቀዳዳዎችሽ መስመር የሚሄድ ቢሆን ኖሮ የግራውንም ቀዳዳ ያገኘው ነበር። የግራው 6 ሴንቲ በነፃ ገባ። ስለዚህ የነካሽው መስመርሽን አቋርጦ የሚያልፈውን ነው። ሳህኑን በግራው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ስታዞሪው የቀኙ ቀዳዳ የሚሄደው በዚያው ፌሮ አቅጣጫ ነው። 3 ሴንቲ ሄደሽ እዚያው ብረት ላይ ነሽ።

ይልቅ ሳህኑን በመሃሉ ላይ 60 ዲግሪ አዙሪው። ከመሃሉ እስከ ቀዳዳው 6 ሴንቲ ነው። 60 ዲግሪ ስታዞሪው ቀዳዳው ከዚያ ፌሮ 3 ሴንቲ ይርቃል። ሁለት አዲስ ቀዳዳ ነው፣ አውቃለሁ። ግን መብራቱ መሃል ላይ ይቀራል፣ ክዳኑም ክብ ከሆነ መዞሩን ማንም አያይም። አሮጌዎቹን በሲሚንቶ ድፈኛቸው። አዲሶቹ ከነሱ 6 ሴንቲ ስለሚርቁ አይጎዱም።

ፌሮውን በብረት ፑንታ ቀጥለሽ ብሺው የሚል ሰው ቢመጣ አትስሚው። ያ ብረት እዚያ ያለው በምክንያት ነው። አንዳንድ ሕንፃ ላይ ደግሞ ፌሮ ብቻ ሳይሆን ተወጥሮ የታሰረ ኬብል አለ። እንደዚያ ያለ ሶሌታ የሕንፃውን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ አይበሳም።

ቀዳዳ_በቀዳዳ | እሁድ፣ 6:58

ተሸነፍኩ። የግራው ቀዳዳ ምስክር መሆኑን ጨርሶ አላሰብኩትም።

ፌዝ_ያለበት | እሁድ፣ 7:10

60 ዲግሪውን ወደ የትኛው በኩል እንደምታዞሪ ቱቦው ይወስን። ቱቦው በየት በኩል ነው የሚገባው?

ጨለማ_ሳሎን | እሁድ፣ 7:21

አዎ፣ መስመሩ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ነው። ለዓይን እንዲያምር ብዬ በሜትር ለክቼ ነው ያስተካከልኩት! ቱቦው በበሩ በኩል ሰያፍ ነው የሚገባው። ወደ ሰዓት አቅጣጫ ካዞርኩት የቀኙ ቀዳዳ ቀጥታ ወደ እሱ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ተቃራኒው።

ሙጫ_ይበቃል | እሁድ፣ 7:30

እኔ አሁንም ሙጫ ነው የምለው። ይሄ ሁሉ ጂኦሜትሪ ለአንድ አምፖል?

ሲቪል_በትርፍ_ሰዓት | እሁድ፣ 7:55

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 ቦስተን ውስጥ የአንድ የመኪና መተላለፊያ ዋሻ ኮርኒስ ተደርምሶ መኪና ላይ ወደቀ፤ ተሳፋሪ ሞተች። የኮንክሪት ሰሌዳዎቹን የያዙት ብሎኖች በኤፖክሲ ሙጫ ነበር የተጣበቁት። መርማሪዎቹ ያገኙት ምክንያት ሙጫው የማያቋርጥ ሸክም ሲጎትተው ቀስ በቀስ መላላቱ ነው። መጀመሪያ ሲሞከር ይይዛል። ችግሩ ሁልጊዜ መጎተቱ ነው።

በአግባቡ ተፈትኖ ወደ ላይ እንዲሰቀልበት የተፈቀደ ኬሚካል አለ፣ አልክድም። ግን ቀዳዳ በስተሽ፣ አጽድተሽ፣ ብሎን ከተሽ ነው። ቀለም የተቀባ ልስን ላይ ሳህን መለጠፍ ማለት መብራቱን ከቀለሙ ላይ መስቀል ነው።

አቧራ_ጠላሁ | እሁድ፣ 8:20

እኔ ደግሞ የፕላስቲክ ፊሸሩ ነው የሚያሳስበኝ። ግድግዳ ላይ ዕቃው ወደ ታች ይጫነዋል፣ ጣሪያ ላይ ግን ቀጥታ ወደ ውጭ ይጎትተዋል። የብረት ፊሸር አይሻልም?

ጋሽ_ሶሌታ | እሁድ፣ 9:00

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ፊሸር የምንለው ስሙ የሰውዬው ነው፤ አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ ነው እ.ኤ.አ. በ1958 የናይለኑን ያወጣው። ደህና ናይለን፣ ልኩን የጠበቀ ቀዳዳ፣ ሙሉ በሙሉ ኮንክሪት ውስጥ የገባ ከሆነ፣ ለ4 ኪሎ ተኩል ከበቂ በላይ ነው። ወድቆ ያየሁት ሁሉ ልስን ውስጥ የቀረ ነው፣ ወይም ቀዳዳው እንደ እንቁላል የሰፋ፣ ወይም ዱቄቱ ያልጸዳ። ዱቄት ፊሸሩን እንደ ኳስ ነው የሚያንሸራትተው። ቀዳዳውን በትንሽ ፓምፕ ወይም በቱቦ ንፊበት፣ ፊትሽን ወደ ጎን አድርገሽ።

ብሎኑ መጨረሻ ላይ መክበድ አለበት። ሳይከብድ ከዞረ አልያዘም፣ ስባሪ እንጨት እየከተትሽ አታታልይው። አውጥተሽ በ10 ሚሊ አስፊውና የ10 ፊሸር ክተቺ።

ከ10 ኪሎ ካለፈ እኔ ብረት ነው የምጠቀመው። የሚሰፋ ብሎን ወይም ጋንቾ ያለው። እሳት ቢነሳም ናይለን ይቀልጣል፣ ብረት ይቆያል።

ቀዳዳ_በቀዳዳ | እሁድ፣ 9:25

ከመስቀልሽ በፊት ፈትኚው። ለመብራት ዕቃዎች የወጣው አይኢሲ 60598 የሚባል መስፈርት አለ። የሚንጠለጠል መብራት ሲፈተን የራሱን ክብደት 4 እጥፍ ጭነውበት ለ1 ሰዓት ይተዉታል። ያንቺ 4.5 ሲባዛ በ4፣ 18 ኪሎ። 18 ሊትር ውሃ 18 ኪሎ ነው። ባልዲ አንጠልጥይበት። ከስሩ አትቁሚ።

ጨለማ_ሳሎን | እሁድ፣ ምሽት 1:40

ተሰቀለ!!

60 ዲግሪ ወደ ግራ። ሁለቱም አዲስ ቀዳዳ ግራጫ ዱቄት ብቻ፣ ደወል የለም። ሁለቱም 6 ሴንቲ። ነፋሁ፣ ፊሸሩን በመዶሻ ቀስ ብዬ መታሁ፣ ብሎኑ መጨረሻው ላይ ከበደ። ከሳህኑ ጋንቾ ላይ ባልዲ አንጠልጥዬ 18 ሊትር ሞላሁና 1 ሰዓት ተቀምጬ አየሁት። ቴሌቪዥን የማየት ያህል ነበር። ሳህኑ የፀጉር ያህል አልተነቃነቀም።

ከዚያ የመሬት ሽቦውን አሰርኩ፣ ፌዝና ኒውትራሉን አሰርኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ብሬከሩን መለስኩ። በራ። አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ክዳኑ ስር ናቸው።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ባልዲውን ሳወርድ ሶፋው ላይ ደፋሁት። ሶፋው ለአቧራው ተሸፍኖ ነበር፣ በአንሶላ።

አቧራ_ጠላሁ | እሁድ፣ 1:46

ላስቲክ ነበር ማለት የነበረብኝ። ይቅርታ።

ከላይ_ያለሁት | እሁድ፣ 2:05

እንኳን ደስ ያለሽ። ዛሬ ከበታቻችን የተበሳው ለአራት ደቂቃ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ኤስዲኤሱን መቼ ነው የምትመልሺው? እኔም ሳሎን ውስጥ የምሰቅለው ነገር አለ።